ውኃ ያልነካው ክታብ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጆቼ አንድ ስልክ ለሁለት ይዘው አልጋዬ ላይ ተጋድመው ነበር። ሶልያና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ ናሆም ዘጠኝ። እናታቸው ደብረ ታቦር ስለምትሠራ ሁለቱም ንፋስ መውጫ ከእኔ ጋር እየኖሩ ይማራሉ። የሚያዩት ያንኑ አኒሜ የሚሉትን የጃፓን የሥዕል ፊልም ነው። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ያወርዱታል፤ በጠፋ ቁጥር ያወረዱትን ደግመው ያዩታል። ሶልያና ማንጋ የሚባለውን የሥዕል መጽሐፉንም በስልኳ ታነባለች፤ የሒሳብ ደብተሯ ጀርባ ዓይናቸው በፈጠጠ ልጆች ሥዕል ተሞልቷል። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና የደብተሩ ነገር ያበሳጨኛል። ደጋግሜ ተቆጥቻለሁ፤ የሰማኝ የለም።

ያን ቀን ዝናቡ ከቤት ስላላስወጣኝ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ምስር እየለቀምኩ አብሬያቸው አየሁ። ታሪኩን የምታስረዳኝ ሶልያና ናት። እህትና ወንድም አሉ፤ እናትና አባታቸው ሞተዋል። ከዚህ በፊት ያሳየችኝ ሁሉ የሙት ልጆች ታሪክ ነበርና ጃፓን ውስጥ እናት ያለው ልጅ የለም እንዴ ብዬ ጠየቅኳት። «እማማ፣ እናትማ ካለች ታሪኩ አይጀምርም» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ። ትንሹን ልጅ የሚያሳድድ ጭራቅ አለ። ጭራቁ ዕውር ነው፤ ልጁን የሚከተለው በጠረኑ ነው። እህቲቱ ታዲያ ወንድሟ ተኝቶ ሳለ የእሱን ልብስ ለብሳ፣ ጭራቁን ወደ ራሷ እየሳበች በሌላ መንገድ ትሮጣለች። ጫካ ለጫካ፣ በበረዶ ውስጥ ትሮጣለች። ናሆም አፉን ከፍቶ ያያል።

«ወንድሟ ያውቃል?» አልኩ።

«ምኑን?»

«ልብሱን ለብሳ እንደሄደች።»

«አያውቅም። እስከ መጨረሻው አይነግሩትም። ካወቀማ ተከትሏት ይሄዳላ።»

የምስሩን ሰፌድ አስቀምጬ ተነሣሁ። ልብስ ላስገባ ብዬ ወደ ግቢው ወጣሁ። የታጠበ ልብስ አልነበረም። በረንዳው ሥር ቆሜ ነፋሱ ዝናቡን ከአጥሩ ላይ ሲያጋፋው አየሁ፤ ፊቴ ሲረጥብም ከዝናቡ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

እኔም ወንድም ነበረኝ። ደሳለኝ ይባላል። የተወለድነው እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ የሁለት ሰዓት መንገድ ከምትርቅ የደጋ ቀበሌ ነው። ገብስ፣ ባቄላና ብርድ ሞልቷት የተረፋት አገር ናት። እናታችን ደሳለኝ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሞተች። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባባ ሌላ ሚስት አላገባም። ዝምተኛ ገበሬ ነበር፤ ሐዘኑንም ፍቅሩንም በሞፈሩ ነበር የሚናገረው። ስለዚህ ደሳለኝን ያሳደግሁት እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አዝዬዋለሁ፤ አጥቤዋለሁ፤ ባቄላ እሸት ፈልፍዬ አጉርሼዋለሁ። እሱም እናቱን ስለማያስታውሳት እኔን «እታለም» እያለ ነው ያደገው።

በሽታው የጀመረው ዓውድማ ላይ ነው። ታኅሣሥ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ የእኛን ገብስ ይወቃል። ደሳለኝ ከበሬዎቹ ኋላ እየሄደ ሳለ ድንገት ቆመ፤ ወደ ሰማይ ቀና አለ፤ ከዚያ እንደ ተቆረጠ ግንድ ወደቀ። እግሩ ይንፈራገጣል፤ አፉ አረፋ ደፈቀ። ያ ሁሉ ሰው መንሹን እየጣለ ወደ ኋላ አፈገፈገ። በእኛ አገር የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሲወድቅ አይነኩትም፤ አረፋው የነካው ሰው ይጋባበታል ይባላል። ከሩቅ ክብሪት ጭረው ጭሱን ወደ እሱ ሲገፉ አየሁ። እኔ ሄድኩ። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ አፉን በነጠላዬ ጠረግሁለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ከእኔ ጋር ከአንድ ቅል ውኃ አይጠጡም ነበር፤ ብዙም አልከፋኝም። የከፋኝ ደሳለኝ ሲነቃ ሰው ሁሉ ለምን ርቆ እንደቆመ ሲጠይቀኝ ነው።

አባባ ጠበል ወሰደው። ሁለት ሱባዔ ሙሉ ተጠመቀ፤ ተመልሶ በሳምንቱ እሳት ዳር ወደቀና ክንዱ ተቃጠለ። በኋላ ሲማዳ ውስጥ ክታብ የሚጽፉ አንድ መሪጌታ እንዳሉ ተሰማ። ክታብ ማለት ሶልያና አታውቀውምና ላስረዳ፤ በብራና ላይ የተጻፈ ጸሎት ነው። ተጠቅልሎ ቆዳ ይሰፋበትና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ያገራችን ክታብ የሚጻፈው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። ውስጡ የሚገባውም ሰው የሚጠራበት ስም ሳይሆን የክርስትና ስሙ ነው።

ጊዜው ሰኔ ነበር። አባባ እርሻውን ጥሎ መሄድ አልቻለም፤ ደሳለኝም መንገድ ላይ ቢወድቅ የሚያነሣው ሰው አይገኝም። ገብስ ይዛ ወደ ቆላው ወርዳ በርበሬ ይዛ ከምትመለስ ጎረቤታችን ከእትዬ ጥሩነሽ ጋር እኔ እንድሄድ ተወሰነ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አባባ ደሳለኝን ከምሰሶው አስጠግቶ አቆመውና ከአናቱ እስከ ተረከዙ በፈትል ለካው። ፈትሉን ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖረ። ከዚያ የክርስትና ስሙን ለመሪጌታው ጆሮ ብቻ እንድናገር፣ እትዬ ጥሩነሽ እንኳ እንዳትሰማ አስጠነቀቀኝ።

የክርስትና ስም እንዴት እንደሚጠበቅ የዛሬ ልጆች አያውቁም። እኛ ስናድግ ስሙን ክፉ ሰው ከሰማው ይደግምበታል፣ ክፉ መንፈስ ከሰማው ያገኘዋል እየተባልን ነው። ስሙ ከታወቀ ሰውየው ይገኛል። ይህን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ለመሪጌታው ዋጋ የሚሆን የበግ ቆዳ በጀርባዬ ተሸክሜ፣ የማስበው ይህንኑ ነበር። ያ የሚጥለው ነገር ደሳለኝን ያገኘው ስሙን አውቆ ነው። አሁን ደግሞ ስሙን በቀይ ቀለም አጽፈን አንገቱ ላይ ልንሰቅልለት ነው። ይኼማ ለሌባ ቤት ማሳየት አይደለም? በሌላ በኩል ደግሞ የሌላ ሰው ስም ቢጻፍበትስ? መጥቶ ያነበዋል፤ የተጻፈው ስም የደሳለኝ ስላልሆነ ይተወውና ባለስሟን ፍለጋ ይሄዳል።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አሳብ ነው። ግን በዚያ ቁልቁለት ላይ ቀኑን ሙሉ ሳገላብጠው ቀዳዳ አላገኘሁበትም።

ቀትር ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር አረፍን። እትዬ ጥሩነሽ በሶ በጥብጣ ጠጣችና ጋደም አለች። እኔ ከቁጥቋጦው ኋላ ሄድኩ። የአባባን ፈትል ድንጋይ ሥር ቀበርኩት። ከመቀነቴ ጫፍ ክር መዘዝኩና አንዱን ጫፍ በተረከዜ ረግጬ ሌላውን ወደ አናቴ ሳብኩ። ብቻን ራስን መለካት አስቸጋሪ ነው፤ ጎንበስ ሲሉ ያጥራል፣ ቀና ሲሉ ከእግር ያመልጣል። አራት ጊዜ ሞከርኩ። ሰው ቢያየኝ ያበደች ይመስለው ነበር።

መሪጌታው ቀጭን፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። እትዬ ጥሩነሽ ከደጅ ቆየች፤ እኔ ብቻዬን ገባሁ። ክታቡ ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለእኔ ነው አልኳቸው። ወደ ብርሃኑ አዙረው ፊቴን፣ ክንዴን፣ እጄን አዩ። ስንት ጊዜ እንደሚጥለኝ ጠየቁኝ፤ የደሳለኝን ነገርኳቸው።

«ታዲያ ጠባሳ የለብሽም» አሉኝ። «ይህ ያለበት ሰው እሳትም ድንጋይም አይምረውም።»

«ስወድቅ ወንድሜ ራሴን ይይዝልኛል» አልኩ።

«እንዲህ ያለውን ወንድም ያኑርልሽ» አሉኝና ጆሯቸውን ሰጡኝ። የራሴን የክርስትና ስም ነገርኳቸው። ክሩንም ሰጠኋቸው።

መጻፉ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። እስከዚያው ለሚስታቸው ሽምብራ እየፈተግሁ፣ እትዬ ጥሩነሽም ገበያዋን እየገበየች ቆየን። ሲጨርሱ ጠቅልለው፣ ቀይ ቆዳ ሰፍተውበት ሰጡኝና ትእዛዙን ነገሩኝ። እንዳይከፈት፤ አፈር ላይ እንዳይጣል። ከሁሉ በላይ ግን ውኃ እንዳይነካው። ውኃ ከነካው ቀለሙ ይሄዳል፤ ቀለሙ ከሄደ ባለስሙ ራቁቱን ይቀራል አሉኝ።

ሽቅብ ወደ ደጋው ስንመለስ ጉና ላይ በረዶ ጥሎ ነበር፤ ነጭ ብሎ ከሩቅ ይታያል። እትዬ ጥሩነሽ በርበሬዋ እንዳይረጥብ ስትጨነቅ፣ እኔ ክታቡን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ደረቴን አቅፌ ሄድኩ። ቤት እንደደረስኩ ደሳለኝ አንገት ላይ አሰርኩት። ውኃ እንዳይነካው፤ ስትታጠብ አውልቅ፣ ዝናብ ሲመጣ ቆዳ ልበስ፣ ወንዝ ስትሻገር ከፍ አድርገህ ያዝ አልኩት። ያላመነኝ ስለመሰለኝ በየቀኑ ደገምኩለት። በኋላ እሱ ራሱ እየቀደመኝ፣ በእኔ ድምፅ፣ «ውኃ እንዳይነካው» እያለ ያስቀኝ ጀመር።

ደሳለኝ ዳነ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ በሽታ አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ፋታ እንደሚሰጥ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም ነግሮኛል። ያኔ ግን እኔ መልሱን ይዤ ነበር። እሱን ለቆታል፤ እኔን እየፈለገ ነው። መጠበቅ ጀመርኩ። እሳት ዳር አልቀመጥም፤ ምንጭ ስወርድ ከጓደኞቼ መካከል እሆናለሁ፤ ዛፍ መውጣት ተውኩ። በፍልሰታ ጾም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ። ስወድቅ «መጣ» ነው ያልኩት። ፈራሁ፤ ደስም አለኝ። ስነቃ አንዲት ባልቴት ፊቴ ላይ ውኃ እየረጩ ይህቺ ልጅ ምን ሆና ነው እስከዚህ ሰዓት የምትጾመው እያሉ ይቆጣሉ። ረሀብ ነበር።

እኔ ሳልወድቅ፣ እሱም ሳይወድቅ አምስት ዓመት አለፈ። ደሳለኝ ከሰበካችን ቄስ ዘንድ ንባብና ዳዊት ጨረሰ። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ በሰው ፊት ስሙን ሲጠሩት የሚሸማቀቀው ልጅ ለዜማ ሲቆም ሌላ ሰው ይሆናል። ድጓ ልማር ብሎ ጋይንት ቤተ ልሔም መሄድ ፈለገ። አባባ ፈቀደ። እኔ ስንቅ አዘጋጀሁ፤ በሶ፣ ጭብጦ፣ አንድ ቅል ተልባ። ከበግ ለምድ የተሰፋ ደበሎ ለበሰ፤ ቁራሽ የሚለምንበትን አኮፋዳ በትከሻው አንጠለጠለ። እስከ ወንዙ ሸኘሁት። ክታቡን ከአንገቱ ማውለቅ ሲጀምር እጁን ያዝኩት።

«እኔ እኮ ድኛለሁ» አለኝ። «አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

አታውልቀው ብዬ ጮህኩበት። ደነገጠ። እኔ በሱ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበርና። መልሶ አጠለቀውና ሳቀ። «ውኃም አይነካው» አለ፣ ቀድሞኝ።

በሁለተኛው ዓመት ለፋሲካ መጣ። እኔን በአንድ ራስ በልጦኝ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ትምህርት ዘግይቼ ጀምሬ መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይቼ እማራለሁ፤ ሁለታችንም ወደ አባባ ቤት ገብተን ሦስት ቀን አብረን ቆየን። ቀኝ እጁ ላይ አዲስ የእሳት ጠባሳ አየሁ። የተማሪ ጎጆዬ ውስጥ ድስት ተደፋብኝ አለኝ፤ አመንኩት። ማመን ስለፈለግሁ አመንኩት። በመጨረሻው ቀን ደጁ ላይ ጥጃውን እያሻሸ፣ ነገሩን እንደዋዛ አድርጎ ጠየቀኝ።

«እታለም፣ አሞሽ ያውቃል?»

«ምኔን?»

«እንደው። ወድቀሽ፣ ራስሽን ስተሽ?»

የለም፣ እኔ ምን እሆናለሁ አልኩት። «ተመስገን» አለና ጥጃውን ለቀቀው። ፊቱ ላይ ያየሁት እርካታ ያኔ አልገባኝም። ሥራው የሰመረለት ሰው ፊት ነበር።

መርዶው የመጣው በመስከረም መጨረሻ ነው። የአባባ ቤት በሰው ተሞልቶ፣ እኔን ከመካነ ኢየሱስ አባትሽ አሞታል ብለው አመጡኝ። አባባ ደህና ነበር፤ ከደጁ ቆሞ ራሱን ይዞ አየሁትና ማን እንደሞተ ሳይነግሩኝ አወቅሁ። ውኃ ወሰደው አሉን። እዚያው ቤተ ልሔም ቀብረውታል። የሰማሁት ይህን ብቻ ነበር፤ ሌላውን ለመስማት ጆሮም አልነበረኝም። አደዩ ሜዳውን ሁሉ ቢጫ አድርጎት ነበር፤ እስካሁን ያንን አበባ በእንግጫ አስረው ሲያመጡልኝ ፈገግ ለማለት እታገላለሁ።

ለአርባው አምሳሉ የሚባል የትምህርት ጓደኛው መጣ። በእግሩ ሁለት ቀን ተጉዞ ነው የደረሰው። ተዝካሩ ሲያልቅ ከጓሮ፣ ከገብስ ክምሩ ሥር ለብቻችን ተቀመጥን። ከደበሎው ውስጥ ቀዩን ቆዳ አወጣ። ደረቅ ነበር። ስፌቱ ግን መሪጌታው የሰፉት አልነበረም፤ በሌላ ክር፣ ባልሠለጠነ እጅ ተሰፍቷል።

አምሳሉ የነገረኝ ይህ ነው። ደሳለኝን በሽታው ቤተ ልሔም በገባ በስድስት ወሩ ተመልሶ ይጥለው ጀመር። ለቤቱ እንዳይነግሩበት ጓደኞቹን አስምሏቸዋል። ግእዝ እንደገባው፣ ምን ቢጎድል ነው ብሎ፣ የክታቡን ስፌት ፈትቶ አነበበው። የክርስትና ስሙ የለበትም። የሴት ስም ነው ያለው።

አምሳሉ ስፌቱን ፈትቶ ጫፉን ዘረጋና ቀይ ቀለም ያለበትን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ። «ዕቀባ ለአመትከ ወለተ ሐና» ይላል። ትርጉሙን ልንገርሽ አለኝ። ወለተ ሐናን፣ አገልጋይህን፣ ጠብቃት ማለት ነው።

ወለተ ሐና እኔ ነኝ።

እንዴት እንደተቀመጥኩ አላስታውስም፤ የገብሱ ነዶ ጀርባዬን ሲወጋኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ክታብ ላይ ስም የሚጻፈው መንፈሱ እንዲያገኘው ሳይሆን ጠባቂው እንዲያገኘው ነው። ይህን ያህል ዓመት ማንንም ጠይቄ አላውቅም፤ መጠየቅ ማለት መናገር ነበርና። ወንድሜ ሰባት ዓመት ሙሉ እኔን የሚጠብቅ ጸሎት ተሸክሞ፣ ለራሱ ምንም ሳይኖረው ሄደ።

አምሳሉ ግን አልጨረሰም ነበር። «የኔታ ዘንድ ወስደን በስምህ ይጻፍልህ ብዬው ነበር» አለኝ። «እሱ ግን እሷ ወድቃ አታውቅም፤ ስሟን የሰጠችው በሽታው ወደሷ እንዲሄድ ብላ ነው አለኝ። ይኸው ደግሞ ጠብቋታል፤ እኔ እስከያዝኩት ድረስ ደህና ናት፣ አልለውጠውም አለኝ።»

ከዚያ የወንዙን ነገረኝ። ለቀፈፋ፣ ቁራሽ ሊለምኑ፣ ወደ ማዶው መንደር እየሄዱ ነበር። ክረምቱ ወጥቷል፤ ውኃው ግን ገና ቡኒ ነው። ደሳለኝ ረጅም ስለነበር እኔ ልቅደምና ልለካው አለ። ዳሩ ላይ ቆሞ ክታቡን ካንገቱ አወለቀ።

«'ይዘህ ቁም፤ ውኃ እንዳይነካው፤ እህቴ ናት' አለኝ» አለ አምሳሉ። «መካከል ሲደርስ ቆመ። ወደ ሰማይ ቀና አለ። እትዬ፣ ውኃው እኮ እስከ ጉልበቱ ነበር።»

ለአባባ አልነገርኩትም። እስኪሞት ድረስ ልጁን የወሰደው ውኃ እንደሆነ ብቻ እያወቀ ኖረ። ለባለቤቴም አልነገርኩም። አስተማሪ ሆኜ ንፋስ መውጫ ስመደብ አራተኛ ክፍል ውስጥ እንደ ደሳለኝ የምትወድቅ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። እናቷ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ በቀን አንዲት ነጭ እንክብል መዋጥ ጀመረች፤ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። ያቺን እንክብል መጀመሪያ ያየኋት ቀን ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በሽታውን ያመጣው ስም እንዳልነበረ፣ የሚያስቆመውም ቀለም እንዳልነበረ አውቃለሁ። ለልጆችም እንዲህ ብዬ አስተምሬያለሁ። ቢሆንም ያቺን «ውኃ እንዳይነካው» የሚለውን ቃል ወደ አፉ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አንገቱ ላይ ቢተወው ይድን ነበር አልልም። ብቻ እዚያ ዳር ላይ ሲቆም ያሰበው ስለራሱ ጉልበት ሳይሆን ስለእኔ ነበር፤ ይኼ አይለቀኝም።

ቅዳሜ ከበረንዳው ስመለስ ልጆቹ ስልኩን አስቀምጠው ነበር። ቻርጁ አልቋል። ሶልያና ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ምንም ልል ነበር፤ ተውኩት። ሳጥኔን ከአልጋው ሥር ስቤ ቀዩን ቆዳ አወጣሁና ለእናንተ የጻፍኩትን ይህንኑ፣ ከዚህ ባጠረ ቃል፣ ነገርኳቸው። አርባ ዓመት ያልተናገርኩትን ነገር ሁለት ልጆች እግራቸውን አጥፈው ሰሙት።

ስጨርስ ሶልያና ክታቡን ዘርግቼ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ላዩ ላይ ሰይፍ የያዘ መልአክ አለ፤ ዓይኑ የፈጠጠ ነው። ልክ እኔ እንደምሥላቸው ልጆች ነው አለች በቀስታ፤ ከዚያ እንደማፈር አለች። ናሆም አልጋው ላይ ወጥቶ ጫፉን ወደ ላይ ያዘ፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ብራናው ከአናቷ ተነሥቶ ተረከዟ ላይ አለቀ። በዚያ ዋርካ አጠገብ አራት ጊዜ የለካሁት ቁመት እሷ ላይ ልክ መጣ።

«ያኛው ልጅ አያውቅም ያልሽው ስሕተት ነው» አልኳት። «ያውቃል።»

ዞራ ብራናውን አየችው።

ናሆም ግን የብራናውን ጫፍ ሳይለቅ ከላይ እስከ ታች ሲያየው ቆይቶ «ታዲያ የእሱ ስም የት ተጻፈ?» አለ።

ያ ስም በሕይወቱ ሳለ የተሸሸገ ነበር፤ ከሞተ በኋላ በፍትሐት ላይ ተጠራ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ማንም የትም አልጻፈውም። ሶልያና ከሒሳብ ደብተሯ ላይ ሰማያዊ እስክሪብቶዋን አንሥታ ሰጠችኝ። ሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጻፈች እጄ ተቀበልኳት። ከስሜ ቀጥሎ ብራናው ትንሽ ባዶ ቦታ አለው። እዚያ ላይ «ወለገብርከ ፍቅረ ማርያም»፣ አገልጋይህን ፍቅረ ማርያምንም፣ ብዬ ጻፍኩ። ናሆም ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ብራናውን ከመስኮቱ፣ ከዝናቡ አርቆ ያዘልኝ።